ሮክ መጽሔት በደሴ፦ ከሽፋኑ እስከ ስቴፕለሩ

ወሎ ውስጥ ሮክ የሚሰማ የለም የሚላችሁን ሰው አትስሙት። አለ። ኮምቦልቻ ዶርም ውስጥ ሄድፎኑን ደፍቶ የተጋደመ አለ፤ ደሴ ሆቴል ውስጥ ለሠርገኛ የሚጫወተው ጊታሪስትም ቤቱ ሲገባ የሚከፍተው ሌላ ሙዚቃ ነው። የጠፋው የሚነበብ ነገር ነው። ሁለት ሦስት ጓደኛሞች ሆናችሁ መጽሔት እንጀምር ካላችሁ እሰየው። ጽሑፉን እናንተ ታውቁበታላችሁ፣ እኔ ስለ ዲዛይኑ ላውራ።

የሮክ መጽሔት ከሩቁ ይታወቃል። ጥቁር መደብ፣ ቀይና ነጭ ጽሑፍ፣ አፍጥጦ የሚያያችሁ ዘፋኝ፣ የተቦጫጨቀ የሚመስል ፊደል፣ ከገጹ ሊወጣ የደረሰ ርዕስ። ይሄ ሁሉ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፣ እያንዳንዱ የሚሠራው ሥራ አለው። ሥራውን ውሰዱ፣ መልኩን ግን እንዳለ አትገልብጡ። መልኩ የተዘጋጀው ለላቲን ፊደልና ለእንግሊዝ አገር የመጽሔት መደርደሪያ ነው። የእኛ ፊደሉም ሌላ፣ አሻሻጡም ሌላ።

መጠኑን መጀመሪያ ወስኑ

ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ኤ4 ያምራል፣ አልካድኩም፤ ግን ለመጀመሪያ እትም ኤ5 ይበቃል፣ ማለትም ኤ4 ወረቀት ለሁለት ታጥፎ። አራት ኤ4 ወረቀት በሁለቱም በኩል ታትሞ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይሆናል። መሀሉ ላይ ሁለት ስቴፕል ይመታበታል፣ አለቀ። የገጹ ብዛት ሁልጊዜ ለ4 መካፈል አለበት። 18 ገጽ የሚባል ነገር የለም፣ ወይ 16 ነው ወይ 20። ይሄን ሳያስቡ ጽሑፍ ሰብስበው መጨረሻ ላይ ሁለት ባዶ ገጽ የሚተርፋቸው ብዙ ናቸው፤ ከዚያ በማይረባ ፎቶ ይሞሉታል፣ አንባቢውም ያውቅባቸዋል።

ፎቶኮፒ ርካሽ ያስመስልብናል ካላችሁ፣ በፈረንጆቹ 1976 ለንደን ውስጥ ስኒፊን ግሉ የሚባል የፓንክ መጽሔት ነበር። ጽሑፉ በታይፕራይተር የተመታ፣ ርዕሱ በወፍራም ማርከር በእጅ የተጻፈ፣ በፎቶኮፒ የተባዛ ነው። ሮሊንግ ስቶንም በ1967 ሳንፍራንሲስኮ ሲጀምር የወጣው በጋዜጣ ወረቀት ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶኮፒ ለሮክ ያምርበታል። የሠርግ መጽሔት ብትሠሩ ሌላ ምክር እሰጣችሁ ነበር።

በመሀል ያሉት ሁለት ገጾች፣ በ16 ገጽ መጽሔት 8 እና 9፣ ውስጥ ካሉት ገጾች ሁሉ ተከታትለው አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን የሚታተሙት እነሱ ብቻ ናቸው። ፖስተሩን እዚያ አድርጉት። አንባቢው ስቴፕሉን ቀና አድርጎ አውጥቶ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። ሌላ ቦታ ላይ ፎቶ በሁለት ገጽ ከዘረጋችሁ ግን ግማሾቹ በተለያየ ወረቀት ነው የሚታተሙት፣ ስለዚህ ሲታጠፍ ትንሽ ይዛነፋሉ። የዘፋኙ አፍንጫ እጥፋቱ ላይ ከወደቀማ ጉድ ነው።

ስምና ሽፋን

ኬራንግ የሚባለው የእንግሊዝ መጽሔት በ1981 ሲጀምር ስሙን የወሰደው ኤሌክትሪክ ጊታር ሲመታ ከሚያወጣው ድምፅ ነው። እኛም ድምፅ ያለው ስም አናጣም። ነጎድጓድ፣ መብረቅ፣ ጩኸት። ግን ፊደሉን ቆጥራችሁ ምረጡ። ነጎድጓድ አምስት ፊደል ነው፣ ኤ5 ሽፋን ላይ ከዳር ዳር ስትዘረጉት ቁመቱ ያጥራል። ጦሳ ብትሉት ሁለት ፊደል ነው፣ ሽፋኑን ይሞላዋል፤ የደሴ ልጅ ደግሞ ተራራውን ስለሚያውቀው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ፈረንጆቹ ስሙን ጮክ ለማድረግ ሁሉንም በትልልቁ ፊደል ይጽፉታል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለው ጩኸቱ የሚመጣው ከመጠኑ፣ ከውፍረቱና ከቀለሙ ብቻ ነው። ለዚህም ነው አጭር ስም የምመክረው።

ስሙ የት ይቀመጥ? እንግሊዝ አገር መደርደሪያው ላይ መጽሔቶች አንዱ በአንዱ ላይ ስለሚደረቡ የሚታየው የግራው ዳር ነው፣ ስለዚህ ዋና ዋና ርዕሶችን በግራ በኩል ይደረድራሉ። ደሴ ፒያሳ ላይ ግን አዟሪው ክንዱ ላይ ደርድሮ ነው የሚይዘው፣ ወይ መሬት ላይ ላስቲክ አንጥፎ ያሰልፈዋል። ክንድ ላይ ሲሆን የሚታየው የላይኛው ጠባብ ክፍል ብቻ ነው። ስሙና ከሁሉም የሚበልጠው ርዕስ እዚያ ይግቡ። ግን እውነቱን እናውራ ከተባለ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቴሌግራም ላይ ነው፣ እሱም በአውራ ጣት ጥፍር መጠን። ሽፋኑን ለራሳችሁ ላኩና ሳትከፍቱ እዩት። ካልተነበበላችሁ እንደገና ሥሩት።

ሽፋኑ ላይ አንድ ፎቶ፣ አንድ ሰው ወይም አንድ ባንድ። ዓይኑ አንባቢውን ይይ። ካሜራውን ከወገብ በታች ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ላይ ብታነሱ ሰውየው ይገዝፋል፣ የሮክ መጽሔቶች ይሄን ይወዱታል። የዘፋኙ ጭንቅላት የመጽሔቱን ስም መሸፈኑም የተለመደ ነው፤ ይሄ ግን ስሙ ለታወቀ መጽሔት ነው። ሁለት ፊደል ካለው ስም ላይ አንዱን ከሸፈናችሁ ምን ቀረ?

የሽፋን ርዕሶች ከአራት አይብለጡ። አንዱ በጣም ትልቅ፣ የቀሩት አነስ ያሉ። እና እባካችሁ፣ "ከባንዱ ጋር የተደረገ ልዩ ቆይታ" የሚለውን ተዉት። ልዩ ያልሆነ ቆይታ አይቼ አላውቅም። ልጆቹ ከተናገሩት ውስጥ አንድ የምትነክስ ዓረፍተ ነገር ፈልጉ፤ "ድራሙን ሸጠን አምፕ ገዛን" ብሎ የነገራችሁ ካለ ርዕሱ እሱ ነው። ወሩን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ የእትም ቁጥሩንና ዋጋውን በትንሹ ጥግ ላይ ጻፉ። ባርኮድ ለጌጥ አታስገቡ፣ የሚያነበው ማሽን የለም።

ፊደሉ ላይ ጊዜ አጥፉ

አብዛኛው ሰው የሚበላሸው እዚህ ነው። የሮክ መጽሔት ፊደል የተፋቀ፣ የተሰነጠቀ፣ ቀለሙ የተበላ ይመስላል። በላቲን ይሄ ብዙ አይጎዳም፣ ከአንድ ፊደል ሩቡን ብታጠፉትም ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን አናባቢውን የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ወይም በአንድ እግር ርዝመት ነው። ባ ከበ የሚለየው በቀኝ እግሩ መርዘም ብቻ ነው። የመፋቂያው ቴክስቸር፣ ማለትም ፊደሉን የተፋቀ ለማስመሰል ከላይ የሚለብሰው ሥዕል፣ የእግሩን ጫፍ ከበላው "ባንድ" የነበረው "በንድ" ይሆናል። ቢ ላይ ከታች ያለችውን ቅጥያ ካጠፋችሁ ደግሞ በ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ማቁሰል ከፈለጋችሁ የፊደሉን ወፍራም ሆድ አቁስሉ፣ ጫፎቹንና ቅጥያዎቹን አትንኩ። ቴክስቸሩን በጠቅላላው ከላይ ከማልበስ ፊደል በፊደል በእጅ መፋቅ ይሻላል። ርዕስ ስለሆነ ስድስት ሰባት ፊደል ነው፣ አይገድልም።

ከዚያም የሚሻል መንገድ አለ። ታፔላ የሚጽፍ ሰው ፈልጉ። የመጽሔቱን ስም በሰፊ ብሩሽ፣ በጥቁር ቀለም፣ በነጭ ወረቀት ላይ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ያስኪድላችሁ። ፈጠን ብሎ እንዲጽፍ ንገሩት፤ ብሩሹ ቀለም ሲጨርስ ጫፉ ላይ የሚተወው ጭረት ነው የምትፈልጉት። በጥሩ ብርሃን በስልክ አንሱት፣ ኮንትራስቱን እስከመጨረሻው አውጡት፣ ጥቁሩ ጥቁር ነጩ ነጭ ሲሆን ስም አገኛችሁ ማለት ነው። ማንም ከኢንተርኔት አውርዶ የማይደግመው ስም።

ለውስጡ ጽሑፍ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛል፣ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ብዙ ክብደት አለው። አቢሲኒካ ደግሞ የብራና ጽሕፈት መልክ ስላለው ለመግቢያ አንቀጽ ያምራል፣ ግን የሚመጣው በአንድ ክብደት ብቻ ነው። ቦልድ የሚለውን ብትጫኑት ሶፍትዌሩ ፊደሉን ያሳብጠዋል እንጂ እውነተኛ ወፍራም ፊደል አያመጣም፤ የው እና የዕ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ኢታሊክም እንደዚያው ነው። ግዕዝ ፊደልን ጋደም ማድረግ ልማዳችን አይደለም፣ ሲያዩትም ሊወድቅ የደረሰ ግንብ ይመስላል። አንድን ቃል ማጉላት ከፈለጋችሁ በቀለም ወይም በሌላ ፎንት አጉሉ።

መጠኑ 10 ወይም 10.5 ፖይንት፣ የመስመሩ ርቀት 14 ወይም 15 ይሁን። ፊደላችን ከላይም ከታችም ቅጥያ ስላለው ሲጠጋጋ ይጨናነቃል። ኤ5 ላይ ሁለት ዓምድ ካደረጋችሁ ጽሑፉን በሁለቱም በኩል እኩል አታድርጉት፣ በግራ ብቻ ይሰለፍ። የአማርኛ ቃል ይረዝማል፤ "ስለማይስማሙባቸው" የሚል ቃል ጠባብ ዓምድ ውስጥ ሲገባ ቀድሞት ያለው መስመር ላይ በሬ የሚያሾልክ ክፍተት ይተዋል። የድሮ ጸሐፊዎች ሁለት ነጥብ ስለነበራቸው ቃሉን ከየትም ይቆርጡት ነበር። እኛ በባዶ ቦታ ስለምንለይ ያንን ማድረግ አንችልም።

በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ የሮክ ነገር ነው፣ ሁሉም ይወደዋል። ለርዕስ ይሁን። ለሙሉ ገጽ ጽሑፍ ግን አይሆንም፤ ቀለሙ ወደ ፊደሉ እየፈሰሰ ቀጫጭኑን መስመር ይውጠዋል፣ የፎቶኮፒ ማሽን ደግሞ ትልቅ ጥቁር ቦታ በእኩል አይሸፍንም፣ ሽንትር ሽንትር ያደርገዋል። በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሬይ ጋን የሚባለውን መጽሔት ዲዛይን የሚያደርገው ዴቪድ ካርሰን አንድ ቃለ ምልልስ አሰልቺ ሆኖበት ሙሉውን ምልክቶች ብቻ ባሉት ፎንት ደርድሮታል። ማንም ሊያነበው አልቻለም፣ ዝናው ግን እስካሁን አለ። እሱ ዴቪድ ካርሰን ነው። የእናንተ የመጀመሪያ እትም ይነበብ።

ቀይ፣ ጥቁር፣ እና የማይሞከሩ ነገሮች

ከጥቁር ሌላ አንድ ቀለም ብቻ ያዙ። ቀይ ካላችሁ ከለንደን መዋስ አያስፈልጋችሁም፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ሐይቅ እስጢፋኖስን አስቡ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የሚገኘው እዚያ ነው። በብራና መጻሕፍት ላይ ጽሑፉ በጥቁር ይሄድና መጀመሪያው መስመርና ቅዱሳት ስሞች በቀይ ይጻፋሉ። ቀዩ እዚያ ጌጥ ብቻ አይደለም፣ ዓይንን ይመራል። እናንተም እንደዚያ ተጠቀሙበት፤ በቃለ ምልልስ ጥያቄው በቀይ መልሱ በጥቁር፣ የባንዱ ስም መጀመሪያ ሲጠራ በቀይ። ሁሉም ነገር ላይ ከረጫችሁት ግን ምንም አይመራም። ቀለም ማተም ውድ ከሆነባችሁ ሽፋኑን ብቻ በቀይ ወረቀት ላይ በጥቁር አትሙት።

ከገጽ ራስ ላይ ያለውን የሐረግ ጥልፍልፍ አቅልላችሁ ለክፍል መለያ ብታደርጉት ያምራል። የቅዱስ ሥዕል ላይ ጊታር ማስያዝ ግን አይሞከርም። የራስ ቅልና የተገለበጠ መስቀልም እንደዚያው። እነሱ የአንዳንድ ሜታል ባንዶች ምልክት ናቸው፣ የሮክ ሁሉ አይደሉም። መጽሔቱ ቤት ሲገባ እናት ገለጥ አድርጋ ታየዋለች፤ መንዙማ በሚሰማበትም ማኅሌት በሚቆምበትም ቤት "የሰይጣን ነው" ከተባለ ምድጃ ነው መጨረሻው። አብሽሩ፣ ያለ ራስ ቅልም ሮክ ሮክ ነው። ጃኖ ባንድን እዩ። በፈረንጆቹ 2012 የወጣውን የመጀመሪያ አልበማቸውን አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው ፕሮዲውስ ያደረገው፣ ስማቸው ግን ባለ ቀይ ጥለቱ ልብስ ነው። ለዲዛይነር ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም።

ፎቶ

መድረክ ላይ ቀይ ኤልኢዲ መብራት ካለ ፊቱ ሁሉ አንድ ቀይ ጭቃ ሆኖ ይወጣል። ካሜራው ውስጥ ቀዩ ቻናል ጢም ብሎ ስለሚሞላ ዝርዝሩ ይጠፋል። ስታነሱ ካሜራው ላይ ብርሃኑን ቀነስ አድርጉት፣ ኋላ ደግሞ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ስልካችሁ ላይ ስናፕሲድ የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ካለ ጥቁርና ነጭ የሚለው ውስጥ የቀለም ማጣሪያ አለ፤ አረንጓዴውን ሞክሩ፣ የጠፋው ዓይንና አፍንጫ ተመልሶ ይመጣል። ትንሽ ሻካራ ይሆናል። ይሁን፣ ሮክ ነው።

ለሽፋን ግን ከመድረክ ውጭ አንሱ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐምሌና ነሐሴ ጠዋት ጉሙ ጦሳን ሲያለብሰው የጭስ ማሽን ማን ይፈልጋል። ጉም ብርሃኑን ስለሚያለሰልሰው ፊት ላይ ጥላ አይኖርም፣ ከኋላ ያለው ቤትና ሽቦም ይደበቃል። ጥቁር የለበሰ ሰው ጉም ፊት ሲቆም ቆርጣችሁ የለጠፋችሁት ያህል ጥርት ብሎ ይወጣል። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ፀሐዩ ጠንካራ ነው፣ እዚያ ከሆነ ጠዋት ወይም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንሱ። ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ባንዱን አስፋልት መሀል አቁሞ ማንሳት የሚያምረው ካለ፣ ሲኖትራኩን ያስታውስ።

ፎቶ ስትቀባበሉ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፣ ስክሪን ላይ ደህና ይመስልና ሲታተም ይደበዝዛል። ለማተም በሚታተምበት መጠን 300 ዲፒአይ ይኑረው፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ። ከኢንተርኔት የሌላ ሰው ፎቶ ማንሳት ደግሞ ነውርም ሕገወጥም ነው፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 አለ። የአንሺውን ስም ከፎቶው ጎን በትንሹ ጻፉ።

የውስጥ ገጾች

ማውጫ ግማሽ ገጽ ይበቃዋል። ዋናው ቃለ ምልልስ ከ8 እና 9 በፊት ይሁን፣ አንባቢው አንብቦ ፖስተሩ ላይ ይደርሳል። ከንግግሩ አንድ ጥቅስ አውጥታችሁ በትልቁ አድርጉት፣ በገጽ ከአንድ አይብለጥ፣ የተባለውንም ቃል አታሳምሩት። የአልበም ግምገማ ላይ ከ5 ኮከብ መስጠት የቆየ ልማድ ነው፤ ከተማው ትንሽ ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል ብላችሁ ለሁሉም አምስት ከሰጣችሁ ገጹን ባትጀምሩት ይሻላል።

እኔ ብሆን የማልተወው አንድ ገጽ የቅኝት ገጽ ነው። ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸውን የሚጋሩት ከወሎ አገሮች ጋር ነው፣ እኛ ካልጻፍነው ማን ይጽፈዋል? ጊታር የሚጀምር ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ማይነር ፔንታቶኒክ የሚባለው ባለ አምስት ኖታ ስኬል፣ ኖታዎቹ ከባቲ ማይነር ጋር አንድ ናቸው። ሜጀር ፔንታቶኒኩ ደግሞ ትዝታ ሜጀር ነው። ልዩነቱ አመታቱና የት ላይ እንደሚያርፉ ነው። በየእትሙ አንድ ቅኝት፣ ስድስቱ የጊታር መስመሮች ተሥለው፣ ጣት የሚያርፍበት ቁጥር ተጽፎበት። ይሄን በጽሑፍ በባዶ ቦታ እየለያችሁ አትሥሩት፣ ፎንቱ ሲቀየር ሁሉም ይንሸራተታል። ሥዕል አድርጋችሁ አስገቡት።

ወደ ማተሚያ

ጸሐፊዎቻችሁ ሁሉ በዩኒኮድ ይጻፉ፣ ማለትም ሁሉም ስልክና ኮምፒውተር በሚያነበው መደበኛ የፊደል ኮድ። አንዱ ኮምፒውተር ቤት አስጽፎ በድሮው ፓወር ግዕዝ ከላከላችሁ ፋይሉ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው የሚወጣው። ስልክ ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ ዩኒኮድ ስለሆነ፣ ሌላው ቢቀር ቴሌግራም ላይ ጽፈው ይላኩ። ገጾቹን ለማቀናበር ኢንዲዛይን የሚባለው ሶፍትዌር ከሌላችሁ ስክራይበስ ነፃ ነው።

ሲታተም ቡክሌት የሚለውን ምረጡ። ትክክል መሆኑን የምታውቁት እንዲህ ነው፦ አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ያሉት የሁለት ገጾች ቁጥር ሲደመር ሁልጊዜ ከጠቅላላው በአንድ ይበልጣል። በ16 ገጽ ድምሩ 17 ነው፤ 16 እና 1፣ 2 እና 15፣ 8 እና 9። ድምሩ ያልመጣ ካለ አቁሙት። የፎቶኮፒ ቤት ማሽን እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ስለማያትም ዙሪያውን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነጭ ተዉ። ማተሚያ ቤት ወስዳችሁ የምታስከረክሙ ከሆነ ደግሞ መደቡን ከገጹ 3 ሚሊ ሜትር አሳልፉት። የውስጡ ወረቀት 80 ግራም፣ የሽፋኑ 150 ቢሆን ጥሩ ነው። መጀመሪያ አንድ ኮፒ ብቻ አሳትሙ፣ እጠፉት፣ ስቴፕል ምቱት፣ መጽሔቱን ላላየ ሰው ስጡት። እሱ የሚያገኘውን ስሕተት እናንተ አታገኙትም። በየወሩ እያወጣችሁ ልትሸጡ ካሰባችሁም ስለ ምዝገባው የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ለቴሌግራም የሚለቀቀው ፒዲኤፍ ሌላ ፋይል ነው። ቡክሌቱን ከለቀቃችሁ ሰው ገጽ 1ን ከ16 ጋር እያየ ግራ ይጋባል። ገጾቹ በተራ ይሁኑ፣ ፎቶዎቹን ወደ 150 ዲፒአይ አውርዱ፣ የሰው ዳታ አትጨርሱ። ሽፋኑን ለብቻው እንደ ፎቶ ቀድማችሁ ልቀቁ። ፋይሉን ደግሞ "ፋይናል ፋይናል 3" ብላችሁ ሳይሆን በመጽሔቱ ስምና በእትሙ ቁጥር ሰይሙት፣ ሰው ለጓደኛው ሲያስተላልፈው የሚሄደው እሱ ስም ነው።